ካኤሩ የሚል ፖስታ ካርድ

ቶኪዮ፣ ካማታ
መጋቢት 9

ለእትዬ ቺዙሩ፣

እንዴት ከረማችሁ? እማዬስ ደህና ናት? የሳዶ በረዶ ለቀቀ ወይስ እንደማይነሳ እንግዳ ገና ተጎልቷል? እኔ ደህና ነኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ፦ አዎ፣ እበላለሁ። የማደሪያችን ሴትዮ ሩዙን ገንፎ እስኪመስል ብታበስለውም ከሳህኔ ላይ የሚተርፍ የለም። ፋብሪካውም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት እንሞርዳለን፣ ማታ ከአፍንጫችን ብረት እናወጣለን። በጸደይ ለመቃብር ጉብኝት ስለማልመጣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አባባንም በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ እሱ ካንቺ ይልቅ ቶሎ ይቅር ይላል።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማን ነገረሽ ብዬ አልጠይቅም፤ ከደሴታችን ወደ ቶኪዮ የሚመጣ ሰው አፉን ቤቱ ጥሎ አይመጣም። አዎ፣ እውነት ነው። የሞተር መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚያስተምሩ ታውቂያለሽ? መንዳት እንዳይመስልሽ። መሬት ላይ የተጋደመ ሞተር ያሳዩሽና "አንሺው" ይሉሻል። ያላነሳ አይነዳም። እኔ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ አነሳሁት። ከጎኔ የነበረች ቀጭን የባንክ ሠራተኛ ግን ጉልበቷን አስጠግታ እንደ ሕፃን ብድግ አደረገችው። አፈርኩ።

"ለምን?" ላልሽው ደህና መልስ የለኝም። አባባ ፖስታ አድሎ ሲመለስ ከመታጠፊያው ላይ ይጠብቀኝና የሞተሩ ቤንዚን ታንክ ላይ ፊት ለፊቱ ያስቀምጠኝ ነበር። የዚያ ቀይ ሞተር ድምፅ በሆዴ ገብቶ በጥርሴ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም። መልሱ ይኸው ነው፤ ከወደድሽው ውሰጂው።

ለእማዬ አትንገሪያት። ስልክም አትደውይልኝ። የማደሪያው ስልክ ያለው ሴትዮዋ ጉልበት ላይ ነው፤ የቤታችን ስልክ ደግሞ እማዬ ጆሮ ሥር።

ወንድምሽ ኖሪሂሳ


ሳዶ ደሴት
መጋቢት 24

ለጉደኛው ወንድሜ ለኖሪ፣

በረዶው ለቋል። እማዬ ደህና ናት። እኔም አለሁ፤ ትምህርት በሚያዝያ ሊጀመር ስለሆነ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እያለቀሰ ፀጉር ቤቴ ይመጣል፣ እኔም እየላጨሁ እሸኛለሁ።

ደብዳቤህን እንደተለመደው ለእማዬ አነበብኩላት። ያነበብኩላት ስለ ሩዙ የጻፍከውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከራሴ ጨመርኩበት። እሑድ እሑድ ወንዝ ዳር ወጥተህ አበባ እንደምታይ ነገርኳት። "አበባ? ኖሪ?" አለችና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ይኸው በስተርጅና ውሸታም አደረግኸኝ። ለምን ራሷ አታነብም ካልከኝ፣ መነጽሯ አርጅቶ ነው። አዲስ እናሠራላታለን።

አንተ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ታንኩን ብቻ ብታስታውስ አልፈርድብህም። እኔ ግን አሥራ አራት ሞልቶኝ ነበር። አባባ በጥር መጀመሪያ የዘመን መለወጫ ካርድ ሊያድል የወጣ ዕለት በረዶ ነበር። ለምሳ እደርሳለሁ ብሎ ቸኮለ። መሪው ላይ ያንጠለጠላት የሸክላ እንቁራሪት ትዝ ትልሃለች? ካኤሩ ማለት እንቁራሪትም መመለስም ስለሆነ መንገደኛ ሁሉ እሷን ይይዛል። ይኸውልህ፣ እንቁራሪቷ አንድ ጭረት ሳይነካት ተመለሰች። እሱ ቀረ። እማዬ እስከ ዛሬ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣታለች። የአሁኑ ፖስተኛ ሞተር ከመታጠፊያው ሲሰማም በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች። አልፎ እስኪሄድ ድረስ አታነሳውም።

የግድ ነው ካልክ ሴቶች ገበያ የሚሄዱበትን፣ ቅርጫት ያለውን ግዛ። ያን ስፖርት የሚሉትን፣ ሰው ሆዱን ታንክ ላይ አስተኝቶ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የሚሄድበትን ግን ተውልኝ። የፖስተኛ ልጅ ቀስ ብሎ መሄድ ቢያቅተው እንኳ ማፈር ያውቃል።

እህትህ ቺዙሩ


ካማታ
ግንቦት 11

ለእትዬ ቺዙሩ፣

ስቄ ስቄ ሞትኩ። ባለ ቅርጫቱንም ሄጄ አየሁልሽ፤ ሽንኩርት ለመጫን ምን የመሰለ ነው።

"ታዲያ የትኛው ነው ልብህን የወሰደው?" ካልሽኝ፣ ከጣቢያው ጀርባ የጋሽ ኦኑኪ ሱቅ አለ። ከሥራ ስወጣ እግሬ ራሱ ወደዚያ ይወስደኛል። መጀመሪያ ያየሁት አራት መቶ ሲሲ ነበር። እሱ ግን በየጊዜው የመንግሥት ምርመራ አለበት፤ ሁለት መቶ ሃምሳው የለበትም። ስለዚህ የቶኪዮ ድሃ ጎረምሳ ሁሉ የተሰለፈው ሁለት መቶ ሃምሳው ጋ ነው፣ እኔም ሰልፌን ያዝኩ። ከእነሱም ውስጥ ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚያቃጥለው አለ፤ ነጭ ጭሱን እያትጎለጎለ ዝም ይልና ዝም ይልና ድንገት እንደ በቅሎ ይፈናጠራል። ባለ አራት ሲሊንደሩም አለ፤ ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ ዋጋው ኪስ ይበሳል።

ጋሽ ኦኑኪ ሲታዘበኝ ከርሞ "አንተ ልጅ፣ የምትገዛው ሞተር ነው ወይስ ፎቶ?" አለኝ። ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመው ባለ ሁለት ሲሊንደር ወሰደኝ። ነጭና ሰማያዊ ነው፤ ብዙ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። "ይሄ ለጀማሪ ነው። ስህተትህን ይችልልሃል" አለኝ። ሞተሩን ሳላስነሳ በእጄ እየገፋሁ ሠፈሩን አስዞረኝ። ስመለስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። "ሲወድቅ ብቻህን ማንሳት የማትችለውን አትግዛ" አለና ሻዩን ቀዳልኝ።

ከዚያ ተቀመጥኩበት። መሪው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ ለመንገዱ ሰላምታ የምትሰጪ ነው የሚመስለው። ከሱቁ ወጥቼ ስሄድ መንገዱን እስክሻገር ዞሬ ዞሬ አየሁት።

ገና አልቆረጥኩም። ነገሩ ሲያልቅ በፖስታ ካርድ አሳውቅሻለሁ። ካርድ ማንም ያነበዋል ብለሽ አትፍሪ፤ አንቺ ብቻ በምትረጂው መንገድ እጽፈዋለሁ።

ኖሪሂሳ


ፖስታ ካርድ
ግንቦት 29

እትዬ! በሰኔ ካኤሩ!
ኖሪ


ሳዶ ደሴት
ሰኔ 22

አንተ እንቁራሪት፣

ሰላምታ የለኝም፤ ሰላምታዬን ሁሉ ወደብ ላይ ጨርሼዋለሁ።

"ካርዱ ደረሰሽ ወይ?" ትላለህ እንዴ? ለእኔ አልደረሰኝም። እኔ ፀጉር ቤት ነበርኩ፣ ፖስተኛው ለእማዬ ሰጣት። አንተም ብልጥ ነኝ ብለህ፣ ድምፁን ብቻ በሚይዘው በልጆች ፊደል ትልልቅ አድርገህ ጻፍከው። በአዋቂዎቹ የቻይና ፊደል ብትጽፈው ኖሮ ትርጉሙ አንድ ብቻ ይሆን ነበር። "መግዛት እችላለሁ" ማለትህ እንደሆነ እኔ ገብቶኛል። በልጆች ፊደል ግን ያው ካኤሩ "እመለሳለሁ"ም ነው። ፊደሉ ትልቅ ስለነበር እማዬ ራሷ አነበበችው። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና "ኖሪ በሰኔ ይመለሳል! ራሴ አነበብኩት!" አለችኝ።

ምን ልበላት? "አይ እማዬ፣ የሚመለስ ሳይሆን ሞተር የሚገዛ ነው" ልበላት?

እሷም ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ዓሣ አደረቀች። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ፍራሽህን ታወጣለች፣ ሲዘንብ ታስገባለች። ማታ ማታ ጃንጥላዋን ይዛ ወደብ ትወርዳለች። ብቻዋን እንዳትሄድ ፀጉር ቤቱን እየዘጋሁ አብሬያት እወርዳለሁ። ከመርከቡ ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ትቆምና "በነገው ይሆናል" ትላለች። ባለፈው አንዱን ጎረምሳ "ኖሪ!" ብላ እጁን ያዘችው። የሌላ ሰው ልጅ ነበር።

ለሁለት ቀን እንኳ ና። ገዛኸውም አልገዛኸውም፣ ና። በምን እንደምትመጣ መንገር የለብኝም።

ቺዙሩ


ካማታ
ሐምሌ 5

ለእትዬ ቺዙሩ፣

ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም። ካርዱን ስጽፍ በደስታ ሰክሬ ነበር። "መመለስ" የሚለው ትርጉም አልታወሰኝም። አልታወሰኝም ብዬ ስጽፍልሽ ራሱ ያሳፍረኛል።

ገዝቼዋለሁ። ነጭና ሰማያዊውን። ለዚህ ነው በሰኔ ያልመጣሁት ካልኩሽ ትጠዪኛለሽ፤ ሥራ ነው ካልኩሽ ደግሞ ውሸት ነው። አዲስ ሞተር እስኪለማመድ ድረስ ብዙ አያስጮሁትም፣ ቀስ አድርገው ያሳድጉታል። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ ሸራው ተገልጦ ይሆን እያልኩ እነሳለሁ። እንደዚህ ለማንም ተጨንቄ አላውቅም።

"ወድቀሃል?" ካልሽኝ፣ አንዴ። ቆሜ ነው የወደቅኩት፣ ሳቂ። የትራፊክ መብራት ላይ እግሬን ሳሳርፍ ጉድጓድ ነበር፤ ቀስ ብለን ተያይዘን ተኛን። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እኛን አየ። መስታወቱ ተሰበረ። እንደተማርኩት ጉልበቴን አስጠግቼ አነሳሁት።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እሑድ ወደ ተራራው ስወጣ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ባለ ሞተር ሁሉ ግራ እጁን ያነሳልኛል። አያውቀኝም። ፊቴ በሄልሜት ተሸፍኗል። ግን እጁን ያነሳልኛል። ቶኪዮ ከመጣሁ ጀምሮ በመንገድ ላይ ሰላም ያለኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ቀን ሰውየው ሌላ ሰው መስሎት ነው ብዬ ዞሬ ከኋላዬ አየሁ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ሙታን እንኳ ቤታቸው ለሚመጡበት ለነሐሴው የቦን በዓል አልችልም። ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ። የዚያ ጎረምሳ ነገር ጨለማ ስለሆነ ነው፤ ማታ ማንም ይሳሳታል። መነጽሩን ቶሎ አሠሪላት።

ኖሪሂሳ


ሳዶ ደሴት
ሐምሌ 23

ለወንድሜ ለኖሪ፣

ይህን የምጽፈው መሐላ አፍርሼ ነው። እማዬ ሳታውቅ ነው የምጽፈው፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች "ለማነው?" ብላኛለች፣ "ለሳሙና ነጋዴው" ብያታለሁ።

የመነጽር ጉዳይ አይደለም። ከጸደይ በፊት ኒጋታ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ዓይኗ ከጀርባው እየሞተ ነው አለ፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ዘመን መለወጫን ማየቷን እጠራጠራለሁ አለ። አሁን ፊት ለፊቷ ያለውን በቀዳዳ እንደምታይ ሆና ነው የምታየው። የልጆች ፊደል በትልቁ ከተጻፈ በአፍንጫዋ ተጠግታ ታነባለች። ለዚህ ነው ካርድህን ስታነብ እንደዚያ የፈነደቀችው።

አትንገሪው ብላ በአባባ ስም አስማለችኝ። "ከነገርሽው ይቸኩላል፤ ቸኩሎ የወጣ ምን እንደሚሆን እኔና አንቺ እናውቃለን" አለች። ስለ ሞተሩ የምታውቀው ነገር የለም፤ እንዲሁ ነው ያለችው። እኔ ግን አንተን መዋሸት ደከመኝ ኖሪ። አንተ የማያውቅህ ሰው እጁን አነሳልኝ ብለህ ደስ ይልሃል፤ የምታውቅህ ሴት ወደብ ላይ ቆማ የሌላ ሰው ልጅ ትጨብጣለች። እኔስ ብሆን ከዚህ ደሴት መውጣት አምሮኝ የማያውቅ ይመስልሃል?

በቦን ና። አፈር ስሆን፣ በባቡር ና። "በባቡር እመጣለሁ" ብለህ ጽፈህ ላክልኝ።

ቺዙሩ


ነሐሴ 30

እትዬ።
ደህና ነኝ። ለቦን አልመጣሁም። ሥራ በዛ። ይቅርታ።
ቆሜ ስለምጽፍ ፊደሌ ከፋ።
እማዬን ሰላም በይልኝ። አትቆጪ።
ኖሪ


ሳዶ ደሴት
መስከረም 8

ለኖሪ፣

ይህ ደብዳቤ ካማታ ሳይሆን ያለህበት ድረስ ይመጣል። አድራሻውን ከየት እንዳገኘሁ ልንገርህ።

ፀጉር ቤት ሆኜ ነው ደብዳቤህ የመጣው። ስመለስ እማዬ መስኮቱ ሥር ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ከዳር እስከ ዳር በልጆች ፊደል፣ እያንዳንዱ እንደ እንቁላል የሚያክል። ከቤት ከወጣህ ጀምሮ ከጻፍካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከካርዱ ሌላ ራሷ ልታነበው የቻለችው ይኼን ብቻ ነው። ቀና ብላ "ይሄ የግራ እጅ ጽሑፍ ነው" አለችኝ። "ቀኝ እጁን ምን አገኘው?" መልስ ፈልጌ አፌን ስከፍት "ሞተር ነው አይደል?" አለች። ከየት አመጣችው? እኔ እንጃ። የሚስትነት ዕውቀት ይሆናል።

ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም የኑማታ ነው። ኑማታ ደግሞ ከሚኩኒ ተራራ ሥር እንደሆነ ካርታ አያስፈልገኝም፤ ከቶኪዮ ወደ እኛ በመንገድ የሚመጣ ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው። ለማደሪያችሁ ሴትዮ ደወልኩ። አለቀሰችና ሆስፒታሉን ነገረችኝ።

እማዬ "ነግረሽዋል ማለት ነው" ብቻ አለችኝ፣ ከዚያም ሩዙን ልታጥብ ሄደች። ኖሪ፣ ብትደበድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያቻኮልኩህ እኔ ነኝ።

ለቦን ምን እንዳደረገች አልነገርኩህም። ሙታን ቶሎ እንዲመጡ ከኪያር ፈረስ፣ ቀስ ብለው እንዲመለሱ ከደበርጃን በሬ እንደምንሠራላቸው ታውቃለህ። ዘንድሮ እማዬ ፈረሱን አልሠራም አለች። ለመምጫውም ለመሄጃውም በሬ፣ ሁለት ደበርጃን አቆመች። "ቀስ ብሎ ይምጣ፣ ማንም አላባረረውም" አለች። ያን ዕለት አንተ ሚኩኒ ላይ ነበርክ።

ይዣት ልምጣ። ጠዋት በመርከብ ብንነሳ ማታ ኑማታ ነን። ገና ታይሃለች። እሺ በለኝ።

ቺዙሩ


ኑማታ
መስከረም 19

እትዬ።

አንቺ አይደለሽም ያቻኮልሽኝ። ጋሽ ኦኑኪ በባቡር ሂድ ብሎኛል። አንቺም ብለሽኛል። እኔ ነኝ በሞተሩ ሆኜ እንድታየኝ የፈለግኩት። አንድ ጊዜ በዓይኗ እንድታየው። ነጭና ሰማያዊ መሆኑን።

ዝናብ ነበር። የመጨረሻው መርከብ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ሌላ የምነግርሽ የለም። ማንንም አልነካሁም።

እጄ ይድናል ብለዋል። እግሬ የተሰበረው ጭኑ ላይ ነው፤ ክብደት አንጠልጥለውበታል። የበረዶው ወራት እስኪያልፍ እዚህ ነኝ። ፊቴ በግራ በኩል ተፍቋል።

አታምጫት። እለምንሻለሁ። ዓይኗ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያየኝ እንዲህ ሆኜ እንዲሆን አልፈልግም። አባባን በመጨረሻ እንዴት እንዳየችው ታውቂያለሽ። ድኜ ቆሜ ልምጣ። ዓይኗ ይቆየኛል። ሐኪም ሁልጊዜ አሳጥሮ ነው የሚናገረው።

ሞተሩን ጋሽ ኦኑኪ በመኪና ወሰደው። መሪው ተጣሟል፣ ጎኑ ተላልጧል፣ ልቡ ደህና ነው ይላል። ሽጠው ካልሽኝ እሸጠዋለሁ። አንቺ በይኝ።

ኖሪ


ሳዶ ደሴት
ጥር 4

ለወንድሜ ለኖሪ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልህ። በክራንች ደረጃ መውጣት መጀመርህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሰው መሳይ ፊደል መጻፍ በመጀመርህም ደስ ብሎኛል፤ ግን የልጆቹን ፊደል ባትተወው ይሻል ነበር እያልኩ ነበር። አሁን ለውጥ የለውም።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ ዓይኗ ለጠየቅከኝ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልችልም። ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት "ቺዙሩ፣ ዛሬ መስኮቱን አልከፈትሽውም?" አለችኝ። ተከፍቶ ነበር። እኔም "ረሳሁት" ብዬ እንደገና ዘግቼ ከፈትኩት። ገባት።

አታምጫት ብለህ ለመንከኝ፣ ሰማሁህ። ላለመስማት መብት ነበረኝ፤ እናቴም ናት። ጠዋት መርከብ፣ ማታ ኑማታ። የተፋቀ ፊት ምን አላት? በዓይኗ ሳይሆን በእጇ ይዛ ታገላብጠው ነበር። አንተን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም የምትጠላኝ መስሎኝ ፈርቼ ነው የሰማሁህ። ሁለታችንም ለራሳችን አዝነን እሷን አስቀረናት። ይህን አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አልናገረውም።

በዘመን መለወጫው ዕለት ካርዶቹ መጡ። ቀዩ ሞተር ከመታጠፊያው ሲሰማ እንደ ልማዷ የያዘችውን አስቀመጠች። ቀኑ አባባ የቀረበት ነውና እኔም የያዝኩትን አስቀመጥኩ። ሞተሩ ካለፈ በኋላ "ሸጠው እንዴ?" አለችኝ። ከመስከረም ወዲህ ስለ ሞተሩ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። "ሽጠው በይኝ ብሎኛል፣ እኔ አልመለስኩለትም" አልኳት። እንዲህ አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦

"አባትሽን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲመጣ ያየሁት በጆሮዬ ነው። ከመታጠፊያው ማርሽ ሲቀንስ በደህና እንደመጣ አውቅ ነበር። ያን ቀን ብቻ ነው ያልሰማሁት። ልጁ በባቡር ቢመጣ በሩን ሲከፍት ነው የማውቀው፣ ያ ደግሞ ለእኔ ጨለማ ነው። ሲድን፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ በሱ ይምጣ። ከመታጠፊያው ስሰማው ቀስ ብሎ እንደሆነ ይገባኛል። ካልቀነሰ በሩን አልከፍትለትም በይው።"

ፈርታለች ኖሪ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ስጽፍልህ እንኳ ደስ እያለኝ አይደለም። ግን ቃሏ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ጥቅል አለች። መደርደሪያው ላይ በዳበሳ ሄዳ አንስታ የሰጠችኝ ናት። "ይቺ ብቻዋን መመለስ ታውቃለች፣ አሁን ሰው ይዛ መመለስ ትማር" አለች።

ከእንግዲህ አትቸኩል። የሚያስቸኩልህ ነገር አልቋል።

ቺዙሩ


ፖስታ ካርድ
ሚያዝያ 20

ለእማዬ
ካኤሩ
ኖሪ


ሳዶ ደሴት
ሚያዝያ 26

ለወንድሜ ለኖሪ፣

ይህ ደብዳቤ ሳትነሳ ይድረስህ እንደሆነ አላውቅም። ከደረሰህ ግን ካርድህ እንዴት እንደተነበበ ስማ።

ፖስተኛው "ለእናትሽ ነው፣ በስሟ" ብሎ እኔን አልፎ ለእሷ ሰጣት። ወሰደችና ለእኔ አላቀበለችኝም። በጣቷ ዳበሰችው። ለካ በጠንካራ ብዕር ተጭነህ ተጭነህ ጽፈኸው ኖሯል፣ ወረቀቱ ከጀርባው አብጧል። ገልብጣ በጀርባው በኩል ከአንዱ ፊደል ወደ አንዱ ቀስ እያለች ሄደች። ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረች።

እኔ አላስችል አለኝ። "ምን ይላል?" አልኳት።

"ካኤሩ ይላል።"

"የትኛው ካኤሩ? ይመለሳል ነው ወይስ ደግሞ ሌላ ሊገዛ ነው?"

እስቲ ልንገርህ፣ ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። "አምና በሰኔ ይሄ ቃል ስንት መልክ እንዳለው ያላወቅኩ መስሎሽ ነበር?" አለችኝ። "እኔ እኮ የምፈልገውን መርጬ ነው ወደብ የወረድኩት።"

ምን ልበልህ። ያን ሁሉ ማታ በዝናብ፣ ያን ሁሉ ውሸቴን ተሸክሜ ከጎኗ ስቆም፣ እሷ ታውቅ ነበር።

"ታዲያ ዘንድሮስ የትኛውን መረጥሽ?" አልኳት።

ካርዱን በደረቷ ከተተችና "ዘንድሮ እንቁራሪት ነው የሚለው" አለች። "እንቁራሪቷ እየመጣች ነው።" ከዚያ ተነስታ ግድግዳውን እየዳበሰች ጓዳ ገባች። ፍራሽህን ስትጎትት ደረስኩባትና አብረን ፀሐይ ላይ አወጣነው።

መንገዱ ደርቋል። ከመታጠፊያው ማርሽ ቀንስ፣ ቁጭ ብላ እየሰማች ነው።

እህትህ ቺዙሩ